«አጎቴ ኖቶሪየስ ሐኪም ነው»፦ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ከአንባቢዎቻችን የደረሱ ጥያቄዎች

በዚህ ዙር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያጉረመርሙት በአንድ ነገር ነው፦ ሲያነቡ የሚያውቁት ቃል ሲጽፉና ሲናገሩ ከድቷቸው ይጠፋል፣ ወይም ቦታውን ስቶ ይገባል። ሰባቱን መርጠን መልሰናል። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን ስለጻፍናቸው፣ ስፔሊንጋቸውን ከመዝገበ ቃላት እያመሳከሩ ቢያነቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የከባድ ቃላት ዝርዝር ስልኬ ላይ ጭኜ በቀን 30 ቃል እሸመድዳለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስደርስ የመጀመሪያዎቹ ብን ብለው ጠፉ። ያልጠፉትንም ስጠቀምባቸው መምህሬ በቀይ ያሰምርባቸዋል። «አጎቴ ኖቶሪየስ ሐኪም ነው» ብዬ ጽፌ ተሳቀብኝ። ዝርዝሩ «ኖቶሪየስ፦ ታዋቂ» ነው የሚለው። — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ዝርዝሩ አልዋሸዎትም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። «ኖቶሪየስ» በክፉ ነገር የታወቀ ነው፦ ኖቶሪየስ ወንበዴ፣ ኖቶሪየስ እስር ቤት፣ መኪና የሚገለበጥበት ኖቶሪየስ መታጠፊያ። እርስዎ በጻፉት ዓረፍተ ነገር አጎትዎ ታካሚ የሚፈጁ ሐኪም ሆነዋል። ለእርሳቸው የሚስማማው «ሪናውንድ» ወይም «ኤሚነንት» ነው። የመጀመሪያው ስመ ጥር ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ሁለተኛው ደግሞ በሙያው አንቱ የተባለ ሰው ነው። ለዘፋኝና ለኳስ ተጫዋች ተራው «ፌመስ» ይበቃል።

ይህ የእንግሊዝኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እኛም አንዱን ሰው ስንወደው ቆጣቢ፣ ስንጠላው ቆንቋና እንለዋለን፤ ሰውየው ከኪሱ የሚያወጣው ብር ግን ያው ነው። «ፍሩጋል» እና «ስቲንጂ» እንደዚሁ ናቸው። «ስሊም» ያሏት ሴት ታመሰግንዎታለች፤ «ስኪኒ» ካሏት ግን ከሲታ እንዳሏት ነው የምትሰማው። ለቋንቋ ተማሪ ተብለው የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ይህን ከቃሉ አጠገብ በትንሽ ጽሑፍ ያመለክታሉ፦ «አፕሩቪንግ» ካለ ለሙገሳ፣ «ዲስአፕሩቪንግ» ካለ ለነቀፋ፣ «ፎርማል» ካለ ለደብዳቤና ለጥናት፣ «ኢንፎርማል» ካለ ለጨዋታ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙት ትንንሾቹ መዝገበ ቃላትና የስልክ ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን ትተው አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ይሰጣሉ። የእርስዎም መዘዝ የመጣው ከዚያ ነው።

የመጥፋቱ ነገር ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድ ቃል እንዲጸና በተማሩት በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ30ኛው ቀን መከለስ አለበት እንበል፤ በድምሩ 5 ጊዜ ማለት ነው። በቀን 30 አዲስ ቃል የሚያስገባ ሰው 14ኛው ቀን ላይ ሲደርስ በየቀኑ 120 ክለሳ ይጠብቀዋል፤ ከ30ኛው ቀን ጀምሮ 150 ይሆናል። የተሳሳቱትን መድገም ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። ማንም ተማሪ ይህን አይችለውም፤ ስለዚህ ክለሳውን ይዘልና አዲስ ቃል መጨመሩን ይቀጥላል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተንጠባጠቡብዎት ለዚህ ነው። በቀን 8 ወይም 10 ቃል ያስገቡ። 10 ሲሆን ክለሳው ወደ 50 ገደማ ይረጋል፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

አንድ ነገር እንጨምር። የሚመሳሰሉ ቃላትን በአንድ ቀን አያጥኑ። «ኖቶሪየስ»፣ «ሪናውንድ» እና «ኤሚነንት» አብረው ከገቡ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ «ቦሮው» እና «ሌንድ» ስንቱን ሰው ተበዳሪና አበዳሪ እንዳምታቱበት ያስታውሱ። አንዱ በደንብ ከጸና ከሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ያምጡት።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ዜና ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። አርታኢዬ «ኮንዳክት የሚለውን ቃል ካላየሁ ያንተ ጽሑፍ መሆኑን እጠራጠራለሁ» ብሎ ያሾፍብኛል። ቃላትን ካርድ ላይ መመዝገብ ጀምሬያለሁ፤ ካርዱ ላይ ምን ምን ልጻፍ? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጥፋቱን በእርስዎ ላይ ብቻ አንጥለውም። «ማካሄድ» የአማርኛ ዜና አህያ ነው፤ ያልተጫነበት ነገር የለም። ጥናት ይካሄዳል፣ ስብሰባ ይካሄዳል፣ ምርጫ ይካሄዳል፣ ጦርነት ይካሄዳል፣ ዘመቻም ይካሄዳል። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ በአንድ ግስ አይሸከምም። ጥናት፣ ቃለ መጠይቅና የላብራቶሪ ሙከራ «ኮንዳክት» ይላሉ። ስብሰባ፣ ምርጫና ጋዜጣዊ መግለጫ «ሆልድ» ነው የሚፈልጉት። ጦርነት «ዌጅ» የሚል ራሱን የቻለ ግስ አለው። ዘመቻ ሲጀመር «ሎንች»፣ በሂደት ላይ ሲሆን «ራን» ነው። «ኮንዳክት ኤ ሚቲንግ» የሚባልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ግን ስብሰባውን መምራት ማለት ነው። ዜናው «ስብሰባ ተካሄደ» ብቻ ከሆነ «ዎዝ ሄልድ» ብለው ይለፉ።

«መስጠት»ም ያው ነው። ውሳኔ እንሰጣለን፤ በእንግሊዝኛ ውሳኔ የሚሠራ ነገር ነው፣ «ሜክ ኤ ዲሲዥን»። ትኩረት እንሰጣለን፤ በእንግሊዝኛ ትኩረት ይከፈላል፣ «ፔይ አቴንሽን»። እርምጃ መውሰድ ላይ ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች ተገናኝተዋል፣ «ቴክ ሜዠርስ»። ዝናብና ነፋስ በአማርኛ ሁለቱም ኃይለኛ ይባላሉ፤ በእንግሊዝኛ ዝናቡ «ሄቪ»፣ ነፋሱ «ስትሮንግ» ነው። እኛ ወፍራም የምንለው ሻይም «ስትሮንግ» ነው፤ «ቲክ» ብለው ካዘዙ አስተናጋጁ አጥሚት የፈለጉ ይመስለዋል።

እንግዲህ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ቃሉ ከነጎረቤቶቹ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፈው ቢቆርጡት 8 ካርድ ይወጣዋል። የ«ኮንዳክት» ካርድ ፊቱ ላይ ክፍት ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ይኑር፦ «ዘ ቲም ኮ…… ኤ ሰርቬይ ኢን ጁን»፤ ከሥሩ በቅንፍ «ጥናት አካሄደ»። ጀርባው ላይ አራት መስመር ብቻ፦ ቃሉ፤ አብረውት የሚሄዱ ሦስት ስሞች፤ አብሮት የማይሄድ አንድ፣ ለምሳሌ «ጦርነት፦ ዌጅ»፤ በመጨረሻ አነባበቡ። አነባበቡ እዚህ ላይ ዋዛ አይደለም። ድምፁ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ሲጠብቅ ግስ ነው፤ የመጀመሪያው ላይ ሲጠብቅ ስም ይሆንና ትርጉሙ ወደ ጠባይ፣ ወደ ሥነ ምግባር ይዞራል።

ሲከልሱ ፊቱን አይተው መልሱን ድምፅ አውጥተው ይበሉት፤ ከዚያ ይገልብጡ። እንግሊዝኛውን አይቶ አማርኛውን ማስታወስ ቀላል ነው፤ ለማንበብ ይጠቅማል፣ ለመጻፍ ግን አያደርስም። ካርዶቹን ለማደራጀት ሰባስቲያን ሌይትነር በ1972 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ያሳተመው የሣጥን ዘዴ ዛሬም ይሠራል። አንድ የጫማ ካርቶን አምስት ቦታ ይክፈሉ። የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በሳምንት፣ አራተኛው በሁለት ሳምንት፣ አምስተኛው በወር ይታያል። ያወቁት ካርድ አንድ ክፍል ወደፊት ይሄዳል። የሳቱት የትም ደርሶ ቢሆን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ሰው የሚያጭበረብረው እዚህ ላይ ነው፣ «ጫፍ ላይ ነበር» እያለ ያሳልፈዋል። እንደ አንኪ ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች ቀኑን ራሳቸው ያሰሉልዎታል፤ ካርዱን ግን እርስዎ ቢጽፉት ይመረጣል። ከሌላ ሰው የተጫነ የካርድ ክምችት ያው የደብረ ብርሃኑ ጠያቂያችን ዝርዝር ነው።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የጥናት ጽሑፎች ሳነብ በየመስመሩ እደናቀፋለሁ። ለመሆኑ ስንት ቃል ሲታወቅ ነው የሚበቃው? ከየት ልጀምር? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ቃል ስንቆጥር በቤተሰብ ነው፦ «አናላይዝ»፣ «አናሊሲስ»፣ «አናሊስት» እና «አናሊቲካል» እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ኒውዚላንዳዊው የቃላት ተመራማሪ ፖል ኔሽን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። መለኪያው በገጹ ላይ ካሉት ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ ነው፤ በ50 ቃል አንድ እንግዳ ቃል እንደ ማለት። 300 ቃል ባለው ገጽ ላይ 6 እንግዳ ይገጥምዎታል። 95 በመቶ ሲሆን 15 ይሆናሉ፤ እርስዎ «በየመስመሩ» ያሉት ይህን ነው።

ለእርስዎ ግን አቋራጭ አለ። መጀመሪያ ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የ2,000 መሠረታዊ ቃላት ዝርዝር ወይም ከዚያ ወዲህ የታደሱትን ይዩ፤ አብዛኛውን ያውቁታል፣ የማያውቁትን ብቻ ይልቀሙ። ቀጥሎ አቬሪል ኮክስሄድ በዌሊንግተን ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ሠርታ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «አካዴሚክ ወርድ ሊስት» አለ። 570 የቃል ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ከሰብአዊና ማኅበራዊ ትምህርቶች፣ ከንግድ፣ ከሕግና ከሳይንስ በተሰበሰበ 3.5 ሚሊዮን ቃል ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ የተለቀመ። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ከሚያገኟቸው ቃላት 10 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከእነዚህ ናቸው፤ በልብ ወለድ ውስጥ ግን 1.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልብ ወለድ በማንበብ ብቻ አይገኙም፤ ሆን ብለው ሊያጠኗቸው ይገባል። ዝርዝሩ በአሥር ተከፍሏል፤ ዘጠኙ 60፣ የመጨረሻው 30 ቃል ይይዛሉ፤ በብዛት የሚገኙት መጀመሪያ ላይ ናቸው። በቀን 10 ቢያጠኑ 57 ቀን ነው።

ከመጀመሪያው ክፍል አንዱን ግን እናስጠንቅቅዎ፦ «ሲግኒፊካንት»። በተራ ጽሑፍ ጉልህ፣ ትልቅ ማለት ነው። በጥናት የውጤት ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን በስታትስቲክስ ፈተና ተረጋግጧል ማለት ይሆናል። ትልቅ ለማለት ብቻ ከጻፉት ፈታኙ «ፒ ቫልዩው የታለ?» ይልዎታል። ፈተናውን ካልሠሩ «ሰብስታንሻል» ወይም «ኮንሲደረብል» ይበሉ።

ጥያቄ፦ የሥራ ሪፖርት በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። የውጭ አገር አለቃዬ «ዲስከስ አባውት» ባልኩ ቁጥር «አባውት»ን ይሰርዘዋል። «ስለ» ማለት «አባውት» አይደለም እንዴ? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ነው፤ ችግሩ «ዲስከስ» የሚለው ግስ «ስለ»ን በሆዱ ይዞ መምጣቱ ነው። «ስለ በጀቱ ተወያየን» ሲባል «ዊ ዲስከስድ ዘ በጀት» ይበቃል። የዚህ ግስ ዘመዶች ብዙ ናቸው። «ላይ» ስለምንል «ኢምፋሳይዝ ኦን» እንላለን፤ «ኦን» አይገባም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ ኸር» ይመጣብናል፤ «ሜሪድ ኸር» ነው፤ ሁኔታውን ለመግለጽ ከሆነ «ኢዝ ሜሪድ ቱ ኸር»። «ኮንታክት ዊዝ ሚ»፣ «ሪኴስት ፎር ፈንድስ» እና «ኮምፕራይዝ ኦፍ» የሚሉትም በየቢሮው ሞልተዋል።

ግራ የሚያጋባው እነዚሁ ቃላት ስም ሲሆኑ መስተዋድዱ ተመልሶ መምጣቱ ነው፦ «ዲስከሽን አባውት»፣ «ኢምፋሲስ ኦን»፣ «ሪኴስት ፎር»፣ «ኮንታክት ዊዝ»። ስለዚህ በቃል ከመያዝ ይልቅ «ይህ ግስ ነው ወይስ ስም?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ሪፖርቱ ሳይላክ ኮምፒውተሩ ላይ በ«ፋይንድ» አምስት ስድስቱን ስህተት አንድ በአንድ ይፈልጉ፤ ሁለት ደቂቃ ነው። እግረ መንገድዎን በ«ኤስ» ያበዟቸውን «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «ፈርኒቸር» እና «ኤቪደንስ» ይፈልጉ። በአማርኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ዕቃዎች እንላለን፤ እነሱ አይቆጥሯቸውም። መቁጠር ካስፈለገ «ኤ ፒስ ኦፍ» ይቀድማል። «ሪሰርች»ን ማብዛት ከፈለጉ «ስተዲስ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የሚገርመው የሚያስቸግረኝ የማላውቀው እንግሊዝኛ አይደለም፤ ከአገር ቤት የማውቀው ነው። «ሰርቪስ አመለጠኝ» ብዬ ለአለቃዬ ብነግራት ምንም አልገባትም። — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እነዚህ ቃላት አገር ቤት ከገቡ በኋላ ዜግነት ቀይረዋል። ሰርቪስ የሠራተኛ መኪና የሆነው እኛ ጋ ነው፤ እዚያ «ሻትል» ይበሉ። ኮንትራት ታክሲ ሲባል እኛ መኪናውን ለብቻ መያዝ ነው የሚገባን፤ ለእነሱ «ኮንትራክት» የሚፈረም ውል ነው። አርቲስት ስንል ብዙውን ጊዜ የፊልምና የመድረክ ተዋናይ ነው፤ እነሱ ጋ ተዋናይ «አክተር» ነው፣ «አርቲስት» ሲባል ብዙዎች ቀድሞ የሚታያቸው ሰዓሊ ነው። ፔንሲዮን አደርኩ ካሉ ደግሞ የጡረታ ገንዘብ ላይ የተኙ ይመስላል። ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ የአንድ ምርት ስም ነበር፤ ሱቅ ገብተው ቢጠይቁ የሚያገኙት የለም።

በጣም የሚያስቸግረው ግን ፎርጅድ ነው። እኛ ጫማውንም፣ ስልኩንም፣ ዲግሪውንም ፎርጅድ እንላለን። በእንግሊዝኛ «ፎርጅድ» የሚባለው ፊርማ፣ ሰነድ፣ ገንዘብና ሥዕል ነው። የታዋቂ ፋብሪካ ምልክት ተለጥፎበት የተሸጠ ጫማ «ካውንተርፊት» ነው፤ በጨዋታ መሃል ሁሉንም «ፌክ» ማለት ይቻላል። ተቃራኒውም እንዲሁ፤ የኛ ኦሪጅናል ጫማ የእነሱ «ጄንዩን» ወይም «ኦተንቲክ» ነው። ኢሚግሬሽን ቢሮ ውስጥ ግን ይጠንቀቁ፦ ቅጂ ላልሆነው ሰነድ «ኦሪጅናል» ትክክለኛው ቃል ነው፤ «ጄንዩን» ካሉ ማን ተጠራጠረው ያሰኛል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ የላቲንና የግሪክ ሥረ ቃላትን ባስተምር ያዋጣል? — ከደሴ

መልስ፦ ያዋጣል፤ ተማሪዎችዎም ለነገሩ እንግዳ አይደሉም። ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍና ጽሕፈት ከአንድ ሥር መውጣታቸውን ማንም ሳይነግረው የሚሰማው ተማሪ፣ «ስፔክት» ማየት ነው ሲሉት «ኢንስፔክት»፣ «ስፔክቴተር» እና «ሬትሮስፔክቲቭ» ወዲያው ይበሩለታል። ከ20 እስከ 30 ሥረ ቃል ይበቃል፤ «ዲክት» መናገር፣ «ቤኔ» መልካም፣ «ማል» ክፉ፣ እያለ ይቀጥላል። ለአንዱ ሥር ከሦስት የማያንሱ ተማሪዎቹ የሚያውቋቸውን ቃላት ካላገኙ ይተዉት።

ጉዳቱ የሚመጣው ተማሪው ሥሩን ይዞ ትርጉም መገመት ሲለምድ ነው። «ኢን» አፍራሽ ነው ብለው አስተምረውት ሲያበቁ «ኢንፍላመብል» ይገጥመዋል፤ የማይቃጠል ይመስለዋል፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። በነዳጅ ቦቴ ላይ ሊጻፍ የሚችል ቃል ስለሆነ ስህተቱ ቀላል አይደለም። «ኢንቫልዩብል»ም ዋጋ ቢስ ሳይሆን ዋጋ የማይተመንለት ነው። «አንኢንተረስትድ» ፍላጎት የሌለው፣ «ዲስኢንተረስትድ» ደግሞ በነገሩ ጥቅም ስለሌለው የማያዳላ ነው፤ ዳኛ ሁለተኛውን ነው መሆን ያለበት። ሥሩ ለማስታወስ ያገልግል፤ ፍርዱን መዝገበ ቃላት ይስጥ።

ጥያቄ፦ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። አስጠኚዬ «ዩዝ» በማለት ፈንታ «ዩቲላይዝ»፣ «ሜኒ» በማለት ፈንታ «ኤ ፕሌቶራ ኦፍ» ጻፊ ይለኛል። ነጥብ ያስጨምራል? — ከዱባይ

መልስ፦ አያስጨምርም፤ ሊያስቀንስም ይችላል። በጽሑፍ ፈተናው ውስጥ ቃላት ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ናቸው፣ 25 በመቶ ይይዛሉ፤ የሚታየውም ቃሉ ከቦታውና ከጎረቤቱ ጋር መስማማቱ እንጂ ርዝመቱ አይደለም። «ፕሌቶራ» ከልክ ያለፈ ብዛት ነው፤ «ኤ ፕሌቶራ ኦፍ ቲቸርስ» ካሉ መምህራን ተትረፍርፈው ተርፈዋል ማለትዎ ነው። «ዩቲላይዝ» የዝናብ ውሃን ለመስኖ ማዋልን ያህል፣ አንድን ነገር ለተግባር ማብቃት ሲሆን ያምራል፤ እስክሪብቶ ግን «ዩዝ» ነው የሚደረገው።

ይልቁንስ ጥረትዎን ቅጽሎች ላይ ያድርጉት። «ኤ ቢግ ፕሮብለም ኦፍ ዎተር» ብለው የጻፉትን «አን አኪዩት ዎተር ሾርቴጅ» ያድርጉት። «ቬሪ ኢምፖርታንት» በገጹ ላይ ሦስት ጊዜ ካለ አንዱን «ክሩሻል» ያድርጉት፣ ሁለተኛውን ይተዉት፣ ሦስተኛውን ከነዓረፍተ ነገሩ ይሰርዙት።